የፈተናው ቃላትና የአባቴ ጉሮሮ

ተቀምጦ ማጥናት አይሆንልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። መጽሐፍ ከፍቼ ጠረጴዛ ጋ ስቀመጥ መጀመሪያ ጉልበቴ ይርገበገባል፤ ቀጥሎ ውኃ ይጠማኛል፤ ከዚያ ደግሞ የመስኮቱ መዝጊያ የተጣመመ ይመስለኝና ላቃናው እነሳለሁ። አንዴ ከተነሳሁ የሚመልሰኝ የለም። አባቴ «ቁንጥንጥ» ይሉኛል። «ምነው፣ ወንበሩ ይነክስሻል እንዴ?»

ስለዚህ ለማስተርስ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ቃላት ማጥናት ስጀምር በእግሬ እየሄድኩ ነበር ያጠናሁት። ከሥራ ወጥቼ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ናሓል ሐደራ ወደሚባለው የወንዝ ዳር መናፈሻ እወርዳለሁ። በባሕር ዛፎቹ ሥር ሰዎች ልጆቻቸውን ያጫውታሉ፣ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ውሻ ያናፍሳሉ፤ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ በመሀላቸው እመላለሳለሁ። አንዱን ቃል ይዤ እስከ ድልድዩ እሄዳለሁ፤ ሌላውን ይዤ እመለሳለሁ። ስመለስ የመጀመሪያው ጠፍቷል። ዞሬ እሄዳለሁ።

ከጎንደር ስንመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ እዚህ ብዙም ሳትቆይ ስኳር በሽታ ይዟት አረፈች። ወንድሜ አግብቶ ናታንያ ገባ፤ እኔና አባቴ ሐደራ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀረን። አባቴ ለብዙ ዓመት የከተማውን አትክልት ሲያጠጡና ሲከረክሙ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኔ ውትድርናዬን ጨርሼ፣ ኮሌጅ ገብቼ የምግብ ኬሚስትሪ ተማርኩና ጋን ሽሙኤል አካባቢ ባለ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የጭማቂ ናሙና መመርመር ነው፤ ስኳሩን፣ ኮምጣጣነቱን፣ ቀለሙን። ሥራው አይከፋም፤ አብረውኝ የሚሠሩትም ደጎች ናቸው። ግን ጠዋት ያየሁትን ከሰዓት አየዋለሁ፤ የዛሬውን ነገ እደግመዋለሁ።

በሰፈራችን ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ሳይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ዕድሜ ልኩን ተራራ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው፣ እዚህ መጥቶ ጥቂት ዓመት ሲቀመጥ ስኳር ይይዘዋል። ለምን? ይህንን የሚያጠኑ ሰዎች ካናዳ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዳሉ አነበብኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወንበሩ ብቻ ሳይሆን ቤቱም፣ ፋብሪካውም፣ ከተማውም ይነክሰኝ ጀመር።

ዩኒቨርሲቲው ፈተና ይጠይቃል። ግማሹ ሒሳብ ነው፤ እሱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ሌላው ግማሽ ነው። እንግሊዝኛ አነሰኝ ብዬ አላውቅም ነበር። ልጅ ሆኜ እዚህ ትምህርት ቤት ገብቼ ከዕብራይስጥ ፊደል ጋር ስታገል፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እፎይ እል ነበር፤ እንደ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ የዘመድ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። አሁንም በሥራ ቦታዬ የማሽኖቹን መመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። የፈተናው ቃላት ግን ሌላ ናቸው። ኦብዱሬት። ሎኩዌሸስ። ፓርሲሞኒየስ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ይባባላሉ ብዬ አላምንም።

ይባስ ብሎ ስልኬ ላይ የጫንኩት መለማመጃ ትርጉሙን የሚሰጠው በዕብራይስጥ ነው። ኦብዱሬትን ስነካው «ዒኬሽ» አለኝ። ዒኬሽ ምንድን ነው? የኔ ዕብራይስጥ የሰፈር፣ የውትድርና፣ የላቦራቶሪ ዕብራይስጥ ነው፤ ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር እጣላበታለሁ፣ ሪፖርት እጽፍበታለሁ። መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖረውን ቃል ግን ከየት አውቀዋለሁ? የማላውቀው ቃል በሌላ በማላውቀው ቃል ተፈታልኝ። አማርኛዬ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አማርኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረበት ከአባቴ አፍ የለቀምኩት ብቻ ነው። ሦስት ቋንቋ አለኝ ብዬ ስኮራ ኖሬ ሦስቱም መንገድ ላይ ጥለውኝ ሲቀሩ አየሁ።

አንድ ቀን የኦብዱሬትን ፍቺ ሌላ ቦታ ፈልጌ አገኘሁና አባቴ ለእራት ቲማቲም ሲከትፉ ዝም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ምንም ቢነግሩት፣ ምንም ቢለምኑት አልሰማም የሚል ሰው ምን ይባላል?»

«ግትር ነዋ።»

«ከግትርም የባሰ። ልቡ የማይራራ።»

«እንግዲያ ልበ ደንዳና በይዋ። ማን ነው እሱ? አለቃሽ ነው?»

«ቃል ነው፣ አባባ። የእንግሊዝኛ ቃል።»

«እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ» ብለው ወደ ቲማቲማቸው ተመለሱ።

ግን ነገሩን ወደዱት። በማግስቱ ገና በሩን ስከፍት «ዛሬስ ማንን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። ሎኩዌሸስን ነበር ይዤ የመጣሁት። ወሬ የማይጠግብ ሰው ነው ስላቸው ሳያስቡ «ለፍላፊ» አሉ። ፓርሲሞኒየስን እጁ የማይፈታ ሰው ብዬ ስገልጽላቸው «ቆጥቋጣ» አሉና ጎንደር ሳሉ የሚያውቁትን አንድ ቆጥቋጣ ጎረቤት ታሪክ ለማውራት እራቱን አቀዘቀዙት። ሰውየው እንግዳ ሲመጣበት የራሱን ውሻ በዱላ ይነርት ነበር አሉ፤ እንግዳው ጩኸቱን ሰምቶ ክፉ ውሻ አለ ብሎ ከደጅ እንዲመለስ። ከዚያ ወዲያ ፓርሲሞኒየስ ጠፍቶኝ አያውቅም። ቃሉን ባየሁት ቁጥር አንድ ምስኪን ውሻ ይጮኽብኛል።

እንዲህ እያልን ብዙ ቃል አለፍን። ይስቃሉ፣ ይከራከሩኛል፣ አንዳንዴ አንዱን የአማርኛ ቃል አንሥተው ጥለው ሌላ ይሰጡኛል። «እሱ ለሰው አይባልም፣ ለበሬ ነው የሚባል» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን፣ ነገሩን በግልጽ የማይናገር፣ አዎም አይደለምም ብሎ የማይለይለት ሰው የሚያደርገው ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማድበስበስ ነው እሱማ» አሉ። ከዚያ «እንደኔ» ብለው ጨመሩ።

«እንዴት እንደ እርስዎ?»

«ካናዳ ሄጄ ልማር ስትዪኝ ምን አልኩሽ?»

«እሺ አሉኝ።»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የነገርኳቸው ገና ከመጀመሪያው ነበር፤ የደበቅኳቸው ነገር የለም። «እሺ» ነበር ያሉኝ። ግን አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ሰዓት ሲጠይቃቸው የሚሉት ዓይነት እሺ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሂጂም አትሂጂም ብለውኝ አያውቁም።

«ታዲያ አሁን ይንገሩኝ» አልኩ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አገሩ ብርድ ነው አሉ።»

ሳህኖቹን አንሥተው ማጠብ ጀመሩ። ውኃው ከሚያስፈልገው በላይ ተከፍቶ ነበር። እኔ ጫማዬን አድርጌ ወረድኩና አንድም ቃል ሳላጠና ሰፈሩን ስዞር ቆየሁ።

ሙቀቱ እንደገባ፣ ማዝጋኑን፣ የቤቱን አየር ማቀዝቀዣ፣ ከፍቶም ላብ የሚወርድበት አንድ ቀን፣ አባቴ በረንዳው ላይ አንገታቸውን በክረምት ሻርፕ ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ነፋስ መታኝ።»

«የምን ነፋስ?» ከበረንዳው ወዲያ ያለው ዛፍ ላይ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ላባቸው ከግንባራቸው ወደ ሻርፑ ይወርዳል። ከዚያ በፊት አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግኩ፤ እጄን ሰድጄ ሻርፑን ገለጥኩት። ከጉሮሯቸው በስተቀኝ፣ ግማሽ መንደሪን የሚያህል እባጭ ወጥቷል። ሲውጡ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

«እንቅርት ነው» አሉ። «እናቴም ነበራት። እሷን እንቅርት አልገደላትም።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«እንጃ። ከፔሳሕ በዓል በፊት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈተናሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነዋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብሽ።» በራሳቸው ተረት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ሰፈራችን ወዳለው ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ጤና መድን ክሊኒኩ ወሰድኳቸው። የክሊኒኳ ሐኪም በእጇ ዳሰሰቻቸውና ወደ ራጅ ቤት ላከችን፤ ራጅ ቤቱ ወደ ሆስፒታል ላከን፤ ሆስፒታሉ በመርፌ ናሙና ወሰደና ውጤቱ ሲደርስ እንጠራችኋለን አለ። እኔ ናሙና ስመረምር የምውል ሰው ነኝ፤ ውጤት የሚዘገይበትን ምክንያት አሳምሬ አውቃለሁ። ማወቄ ምንም አልረዳኝም። በሥራ ቦታዬ አንዱን ጠርሙስ ለክቼ ቁጥሩን ሳልጽፍ እረሳውና መልሼ እለካዋለሁ። ስልኬ በኪሴ ውስጥ ሳይነዝር የነዘረ ይመስለኛል። ናሓል ሐደራ ወርጄ ስመላለስ ቃላቱ በዓይኔ ይገባሉ፤ ግን ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ወድቀው ይቀራሉ። ቤት ደግሞ አባቴም ቁንጥንጥ ሆኑ። ማቀዝቀዣውን ይከፍታሉ፣ ምንም ሳያወጡ ይዘጋሉ። ቴሌቪዥኑን አብርተው በረንዳ ይወጣሉ። እኔ ከሳሎን ወደ ማድቤት ስሄድ እሳቸው ከማድቤት ወደ ሳሎን ሲመጡ ጠባቧ ኮሪደር ላይ እንጋጫለን። «እለፊ» ይላሉ። «እርስዎ ይለፉ» እላለሁ። ሁለታችንም የምንሄድበት የለንም።

ውጤቱ ሲመጣ ቀጠሮ ሰጡን። ሆስፒታሉ ውስጥ ከሐኪሙ ክፍል ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች በሰው ሞልተዋል። አባቴ ተቀመጡ፤ እኔ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ እያልኩ ቃላቴን ማነብነብ ጀመርኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ነጭ ነጠላ ያጣፉ አንዲት አሮጊት በዓይናቸው ሲከተሉኝ ቆይተው፣ በትግርኛ ቅላጼ ባለው አማርኛ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ተሂሊም ነው የምትደግሚው?»

ተሂሊም የሚሉት መዝሙረ ዳዊትን ነው። «አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው። «እንግሊዝኛ ነው። ፈተና አለብኝ።»

«እንግሊዝኛም ቢሆን እግዚአብሔር ይሰማዋል። ግን ቁጭ ብለሽ ድገሚው፤ እኔን አዞርሽኝ።»

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቴ ጥርስ ታየ። ተቀመጥኩ። ወዲያው ስማቸው ተጠራ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዕብራይስጡን ያጣድፈዋል። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ መጠኑ ይህን ያህል፣ ቦታው እዚህ ጋ እያለ ቀጠለና በመሀል «ሻፒር» አለ። ይህንን ቃል አውቀዋለሁ። በቅርቡ ነው መለማመጃው ቢናይን ለሚል ቃል ትርጉም አድርጎ የሰጠኝ። ቢናይን ስለ ሰው ሲነገር ደግ፣ ልበ ቀና ማለት ነው፤ ስለ እባጭ ሲነገር ደግሞ ጉዳት የሌለው ማለት ነው። በልምምዱ ላይ ተሳስቼበት ስለነበር በደንብ ይዤዋለሁ።

በእንግሊዝኛ ገባኝ። በዕብራይስጥ ገባኝ። ወደ አባቴ ዞሬ በአማርኛ ልነግራቸው ስል ቃል አጣሁ። «ነቀርሳ አይደለም» ማለት ይቻል ነበር። ግን ያንን ስም እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ሁለታችንም ከአፋችን አላወጣነውም። በአማርኛ ደግሞ «አይደለም» የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ነቀርሳ የሚለው ቀድሞ ጆሯቸው እንዲገባ አልፈለግኩም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ።

አባቴ ዝምታዬን በሌላ ተረጎሙት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ንገሪኝ» አሉ። «አትደብቂኝ። ሽማግሌ ነኝ፤ እችለዋለሁ።»

«የዋህ ነው» አልኩ።

«ማን? ዶክተሩ?»

«እባጩ፣ አባባ። እባጩ የዋህ ነው። ክፋት የለበትም።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። «የዋህ እንቅርት!» አሉ። «ስንት ዘመን የዋህ ሰው ፈልጌ ሳጣ፣ የዋሁ እኔው አንገት ላይ ወጣ?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ ምን እንደሚያስቅ ጠየቀኝ። እሱን ወደ ዕብራይስጥ መመለስ አልሆነልኝም። ደስ ብሏቸው ነው አልኩት።

ደስታው ግን ወደ ቤት እስክንደርስ አልቆየም። እባጩ የዋህም ቢሆን የአየር ቧንቧቸውን እየተጫነ ስለሆነ መውጣት አለበት ተብለናል፤ የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ደግሞ ፈተናዬ ያለበት ሳምንት ላይ ወደቀ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመን ነገርኳቸው።

«ፈተናውን አዛውረዋለሁ።»

«አታዛውሪውም።»

«ታዲያ ማን ያስታምምዎታል?»

«ወንድምሽ የለም? ነርሶቹ የሉም?»

«እርስዎ ተኝተው እኔ ቴል አቪቭ ሄጄ ቃል ልፍታ?»

«አዎ! ቀኑን ብታዞሪው ሌላ ሰበብ ይመጣል። ከዚያ ሌላ። ኋላ ስታረጂ አባቴ ነው ያስቀረኝ ትያለሽ። እኔን አጥር አታድርጊኝ።»

ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉብኝ አላስታውስም። ፌርማታው ላይ የነበረች ወታደር ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አውጥታ አየችን። አባቴ ወደ መንገዱ ዞር ብለው ቀስ አሉ።

«እሺ ያልኩሽ እሺ ማለቴ ነው። ያድበሰበስኩት ብቻዬን መቅረት ስለፈራሁ ነው። ፍርሃቱ የኔ ነው። አንቺ ምን አገባሽ?»

ይህንን ለመስማት ስንት ጊዜ ስጠብቅ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ በመስኮት፣ እሳቸው ፊት ለፊት እያየን ሄድን። ቤት እንደደረስኩ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ፈተናውን አዛወርኩት። በዚህ ነገር ልበ ደንዳናዋ እኔ ነበርኩ። ነግሬያቸው ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ወንድሜ ከናታንያ መጥቶ አብሮኝ ዋለ፤ አባቴ አንገታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊታቸው አነስ ብሎ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጡ ወንድሜ ቀድሞኝ አለቀሰ። ሐኪሙ ድምፅዎ እስኪጠገን ድረስ አይናገሩ አላቸው። ወሬ የሚወዱት አባቴ ዝም እንዲሉ ታዘዙ።

ፈቃድ ወስጄ ቤት አስታመምኳቸው። ቃላቴን አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስቤ አጠና ነበር። አንዱን ቃል በነገር ስገልጽላቸው በአፋቸው ፈንታ በእጃቸውና በፊታቸው ይመልሱልኛል። ላኮኒክ የሚባለውን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው ስላቸው ራሳቸውን በጣታቸው ጠቁመው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አንከባለሉ። ሆቲ ማለት ሰውን ቁልቁል የሚያይ ነው ስላቸው ደግሞ አገጫቸውን ወደ ላይ ሊያነሡ ሲሉ ቁስሉ ሳባቸውና በአንድ በኩል እያቃሰቱ በአንድ በኩል ያለ ድምፅ ሳቁ። አይነሡ ብዬ ተቆጣሁ፤ እኔም ሳቅኩ። ጉልበቴ ግን እንደ ልማዱ እየተርገበገበ አልጋቸውን ያነቃንቃል። እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴ ላይ ያሳርፉታል። ይቆማል። እጃቸውን ሲያነሡት እንደገና ይጀምራል።

ድምፃቸው ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ቀጭን ሆነ፣ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ። ስልክ የሚደውልላቸው ሰው ሁሉ ማን ልበል እያለ ያናድዳቸው ነበር።

የፈተናው ቀን በጠዋት ባቡር ወደ ቴል አቪቭ ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ ቦታ እያለ ቆሜ ተጓዝኩ። የፈተናው ቦታ ስደርስ ሰዓቴን አወለቁኝ፣ ኪሴን አስገለበጡኝ፤ ከዚያ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። ከዚህ ወንበር መነሣት ክልክል ነው። ሒሳቡን እንደ ሥራዬ ሠራሁት። ቃላቱ ሲመጡ ጉልበቴ ጀመረ። ከጎኔ ያለው ልጅ እጁን አነሣ፤ ተቆጣጣሪዋ ሴትዮ መጥታ ትከሻዬን ነካችና ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ነው አለችኝ። አንድ እጄን ጉልበቴ ላይ ጫንኩ፤ በአንድ እጄ መልስ እመርጣለሁ። ስንት ወር ይዤያቸው ከዞርኳቸው ቃላት የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ጥያቄ ላይ ከቀረቡልኝ ምርጫዎች አንዱንም አላውቅም፤ አማርኛውን የምጠይቀው ሰውም አጠገቤ የለም። ገምቼ አለፍኩ።

እንደጨረስኩ ውጤቱ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ሒሳቡ እንደጠበቅኩት ነው። የቃላቱ ውጤት ከተመኘሁት በታች ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም፣ የሚያኮራም አይደለም። ሐደራ ስወርድ አውቶቡስ አልጠበቅኩም። በእግሬ፣ በፀሐይ፣ እየተናደድኩ ቤት ደረስኩ። አባቴ በሩን ከፍተው ደረጃው ላይ ቆመዋል።

«እህስ?»

«ሒሳቡ ጥሩ ነው። ቃሉ እንዲያው ነው።»

«እንዲያው ምን ማለት ነው?»

«ደህናም አይደል፣ መጥፎም አይደል።»

«ታድበሰብሻለሽ እንዴ» አሉ በዚያ በቀጭኑ ድምፃቸው፣ «ግቢና ብዪ።»

ድጋሚ ልፈተን ብዬ አሰብኩ፤ አቅሙ አልነበረኝም። በያዝኩት ውጤት ለካናዳውና ለሌሎች ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አመለከትኩ። ከዚያ ክረምቱ መጣ። ዝናብ ስለሆነ ናሓል ሐደራ ጭቃ ነው፤ የማጠናው ቃልም የለኝም፤ እግሬ ግን ዝም አይልም። በሥራ ሰዓት በናሙናና በናሙና መካከል ኢሜይሌን እከፍታለሁ። ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ እናዝናለን የሚል መልስ መጣ። ቆይቶ ከሁለተኛውም መጣ፤ የሁለቱ ደብዳቤ አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። አባቴ «ምን አሉ?» ብለው መጠየቅ ትተው ስገባ ፊቴን ብቻ ማየት ጀመሩ። አንዳንድ ቀን እኔም የኢሜይል ሳጥኑን ለመክፈት ድፍረት አጥቼ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ እቆልፈው ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልሼ አወጣዋለሁ።

የካናዳው መልስ የመጣው አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ፈረቃዬ ሊያልቅ ሲል ነው። ጓንቴን ሳላወልቅ ከፈትኩት። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፣ ሁለተኛውን አላነበብኩም። አብራኝ የምትሠራዋን ልጅ «መጣሁ» ብያት የጭነት መኪናዎች ብርቱካን ወደሚያራግፉበት ግቢ ወጣሁ። የብርቱካኑ ጩኸት ብዙ ነው፤ ወደ ብረት ገንዳው ሲወርድ ጆሮ ይይዛል። ግድግዳው ጥግ ሄጄ አባቴ ጋ ደወልኩ።

አነሡት። ከኋላቸው ገበያ ይጮኻል። ዓርብ ጠዋት የሐደራ ገበያ ውስጥ ናቸው።

«አባባ፣ ተቀበሉኝ።»

«ማን?»

«ካናዳ። በመስከረም ነው የሚጀምረው።»

የሻጮቹ ጥሪ፣ የጋሪ ጎማ፣ የአንዲት ሴት ሳቅ ብቻ ይሰማኛል። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም። እኔ ግቢውን ወዲያና ወዲህ እላለሁ፤ የመኪና ሹፌር ጡሩንባ ነፋብኝና ጥግ ያዝኩ።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ ለእኔ ግን አልነበረም። በዚያ በቀጭኑ፣ በሚሰነጠቀው ጉሮሯቸው፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ለአትክልት ሻጩ እየጮኹለት ነው። «ሀባት ሸሊ!» ይላሉ፣ ልጄ። «ዩኒቨርሲታ! ካናዳ!» ሻጩ «ማዛል ቶቭ!»፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ብሎ መለሰላቸው፤ ከጎኑ ያለውም ሰማና «ማዛል ቶቭ!» አለ። ወዲያው ደግሞ ሻጩ ድንቹ ስንት ኪሎ ይሁንልህ ብሎ ጠየቃቸው።



«ሁለት» አሉት። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው በአማርኛ ለእኔ፣ «እንደ ወትሮው ሁለት ኪሎ ነው የምወስደው፤ ገና አልሄድሽም» አሉ።